«ጦመህ ነው» እና «ጦሙን ነው»፦ አንድ ቃል ወይስ ሁለት?

ዘየካ አባዶ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የቃል ወዳጆች። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ አመጣጧን ካልተረክሁ ግን ለዛ የላትም።

እኛ ሰፈር፣ የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ሜዳ አለ። ብዙ ክረምት አልፎበታል፤ አልተሠራበትም፣ አልታረሰም፣ አረም ብቻ ነው የሚያበቅለው። አጥሩ ሥር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። የአገሬው ሰው ናቸው፤ ሕንፃው ሳይመጣ እዚሁ አርሰው፣ እዚሁ ወልደው የኖሩ። እማማ ነው የምላቸው። በሁዳዴ አንድ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ሳልፍ «ና እስቲ ዝገን» አሉኝ። «ጾም ነኝ እማማ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም» አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ ሜዳው እያመለከቱ «ጦምስ የሱ ነው፤ ይኸው ስንት ዓመቱ ጦሙን ሲያድር» አሉ። የቀልድ መስሎኝ «ታዲያ ከኔ ይልቅ እሱ ይጸድቃላ!» ብል ቆጣ አሉ፦

«ኧረ ተው ልጄ! አንተ ጦመህ ነው። እሱ ጦሙን ነው።»

ቤቴ እስክደርስ ይህችን ነገር እያመሰኳሁ ሄድኩ።

የኔ ግምት፦ በ«ጸ» ስንለው የቤተ ክርስቲያኑ ጾም፣ በ«ጠ» ስንለው ረኀብና ባዶነት ነው። ጽዋ የቤተ መቅደስ፣ ጥዋ የቤት ሆነው እንደተለያዩት ማለቴ ነው። ትክክል ነኝ?

የደብተራ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ግምትህ ግማሽ መንገድ ያስኬድህና ይተውሃል።

ግእዙ ጾመ፣ ይጸውም ነው። ዕብራይስጡም ጾም ይለዋል፣ ዐረብኛው ጸውም። ከአማርኛ በፊት የነበረ የሴማውያን የጋራ ቅርስ ነው። የሸዋ አፍ ደግሞ «ጸ»ን ወደ «ጠ» መመለስ ልማዱ ነው፦ ጸሎት ጠሎት፣ ጸበል ጠበል፣ ጸጉር ጠጉር። ማስረጃ ከፈለግህ በ1954 የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግለጥ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ላይ ጌታ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት «ከጦመ በኋላ ተራበ» ይላል። በ«ጦ»! ከዚህ የበለጠ ቅዱስ ጾም ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ ክፍፍሉ በፊደል አይደለም።

ይቺኑ ቁጥር ግን ዝም ብለህ አትለፋት። «ጦመ» እና «ተራበ» ሁለት ግሥ ናቸው፤ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው ይመጣል። መጦም መራብ ቢሆን ወንጌላዊው አንዱ ይበቃው ነበር። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲፈታ የሚጀምረው ከመከልከል ነው፦ ሰው በታወቀ ጊዜ ከመብል መከልከሉ፣ ይኸውም የሥጋን ፈቃድ ለነፍስ ለማስገዛት። የሚከለከል ሰው ደግሞ እጁን መዘርጋት የሚችል ሰው ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦

እማማን ለሰዋስው መምህርነት በእጩነት አቅርቤያለሁ፤ የሚደግፈኝ ካለ እጁን ያውጣ።

አባዶዬ፣ እሳቸው ሁለቱንም በ«ጦ» ነው ያሉት፤ አንተው ጽፈኸዋል። ልዩነቱን ያኖሩት ጫፉ ላይ ነው። «ጦመህ» ግሥ ነው፤ አድራጊ አለው፤ አድራጊው አንተ ነህ። «ጦሙን» ግን ስም ነበረ፣ ኋላ «ኡ» እና «ን» ተለጥፈውበት የሁኔታ መግለጫ ሆነ። አድራጊነት ከውስጡ ወጥቷል። ዘመዶቹን ሰብስቤ ሳያቸው ደነገጥኩ፦ ራቁቱን፣ ብቻውን፣ ባዶ እጁን፣ ባዶ እግሩን። ሁሉም አንድ ነገር የጎደለበት ሰው ነው የሚሥሉት። ልብስ የለም፣ ሰው የለም፣ ጫማ የለም፤ ጦሙን ሲሆን እንጀራ የለም። መሬት ሲሆን ዘር የለም። መሬት ጦሙን ሊያድር ይችላል፤ ሊጦም ግን አይችልም፤ አይወስንማ።

ሁለተኛ ነገር። «ጦሙን ዋለ»ም «ጦሙን አደረ»ም እንላለን። መጠሪያ የወጣለት ግን ለአዳሪው ብቻ ነው፤ ጦም አዳሪ አለ፣ ጦም ዋይ የሚባል ሰው ሰምቼ አላውቅም። የሚጾም ሰው ይውላል፤ ማታ ገበታ ይጠብቀዋል። ጦም አዳሪ ማለት ማታውም ገበታ ሳይዝ የመጣበት ነው። ለኔ የሃይማኖቱና የድህነቱ ወሰን እዚህ ነው የተሠመረው፣ በ«ዋለ» እና በ«አደረ» መሀል።

የደብተራ ልጅ፦

እህቴ ፊደል ቆጣሪ፣ ግሩም ነው፤ ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። ከጸሎተ ሐሙስ ወይም ከስቅለት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል የማይቀምሱ ሰዎች አሉ። እነሱ ያድራሉ እንጂ ውለው አይበሉም። በእነሱ ወሰንሽ ፈረሰ።

ፊደል ቆጣሪ፦

አልፈረሰም! እነሱን ምን እንላቸዋለን? «አከፈሉ» እንላለን፤ አክፍሎት። ቋንቋው «ጦማቸውን አደሩ» እንዳይል ሌላ ግሥ ነው የፈለገላቸው። ይልቅስ ለኔ ምስክር አመጣህልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

የጀሞ ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ከጓዳችን አንድ ቃል ልጨምር። በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። በኛ ብሎክ ቀን ቀን የሚበላ ሰው እንደ ሌባ ተደብቆ ነበር የሚበላው። ሁላችንም «ጾም ያዝን» ነው የምንለው፤ እናንተ «ፈታን»፣ እኛ «አፈጠርን»። ልጅ ሆኜ «ማፍጠር»ን «መፍጠር» ሲመስለኝ ትስቁብኝ ይሆናል፤ ዐረብኛው ግን ያንኑ የፈ-ጠ-ረ ሥር ነው የሚጠቀመው። ደግሞ «መያዝ»ን ልብ በሉልኝ፤ ጾም የሚያዝ ነገር ነው፣ የሚያመልጥም ነገር ነው ማለት ነው።

ለገጣፎ ማዶ፦

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። «ሁዳዴ»ስ? የእናቴ አባት ጭሰኛ ነበሩ። ቤታችን «ሁዳድ» የሚባለው የንጉሥ ወይም የባላባት ሰፊ እርሻ ነው፤ ጭሰኛው በተራው በነፃ የሚያርሰው፣ የሚያርመው፣ የሚያጭደው፤ ፍሬው ግን የጌታው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሁሉ ቀረ። ቃሉ ግን በአያቴ አፍ ቆይቶ ነበር፤ ልፋቱ ሳያልፍለት የቀረ ሰው ሲያዩ «ሁዳድ ነው የሚያርሰው» ይሉ ነበር።

ሰባኪ ሲያስተምር ደግሞ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ፦ ሁዳድ ሁሉም ወጥቶ የሚሠራው የንጉሥ እርሻ እንደሆነ፣ ሁዳዴም ሕዝበ ክርስቲያኑ ሁሉ በአንድነት የሚጾመው የንጉሡ ጾም ነው። ጾመ እግዚእ፣ የጌታ ጾም የሚባለውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። እንዴት ታዩታላችሁ?

በነገራችን ላይ ችግኝ ሥር ሲይዝ ምን እንላለን? «ጸደቀ»። የአባዶው ወንድማችን «ከኔ ይልቅ እሱ ይጸድቃላ» ያለው እማማን ያስቆጣቸው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ገበሬ ናቸው። ያልተተከለ ነገር አይጸድቅም።

የደብተራ ልጅ፦

የሁዳዱ ትርጓሜ መልካም ትርጓሜ ነው፤ ሥርወ ቃል ነው ብዬ ግን አልምልም። የኛ ሊቃውንት ቃልን ሲያፍታቱ የሚፈልጉት ነፍስ የምትመገበውን ነው፤ የቋንቋ ተመራማሪው ደግሞ የትውልድ ሐረግ ይፈልጋል። ሁለቱን ባናደባልቅ ደስ ይለኛል።

ስሞቹን ካነሳን ግን እኔን የሚነካኝ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሁለት ስም አለው። አንዱ ዘወረደ፣ «የወረደው»፤ በቅዱስ ያሬድ የሁዳዴ ዜማ መጽሐፍ፣ በጾመ ድጓ፣ የሳምንቱ መዝሙር የሚጀምርበት ቃል ነው። ጾሙ ሰው ወደ ላይ በመውጣቱ ሳይሆን አምላክ ወደ ታች በመውረዱ ይጀምራል። ሁለተኛው ጾመ ሕርቃል ነው። ሕርቃል የቢዛንታይኑ ንጉሥ ነው፤ ፋርሶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ614 ኢየሩሳሌምን ይዘው ቅዱስ መስቀሉን ወሰዱ፤ ሕርቃል ዘምቶ አስመለሰው። ታሪኩ በኛ ዘንድ ሲነገር፣ ንጉሡን ዝመት ያሉት ምእመናን ነፍስ ያጠፋ ሰው ዕድሜውን ሙሉ መጾም ነበረበትና ያንን ዕዳ ተካፍለው ጾሙለት፤ ከዚያ የተረፈው ይህ ሳምንት ነው። ስለ ሌላ ሰው መጾም ማለት ነው። እኔ በልጅነቴ ይህን ስሰማ «ጾም ልክ እንደ ዕቁብ ይዋጣል እንዴ?» ብዬ አባቴን ጠይቄ በኩርኩም ተመልሻለሁ።

ቁጥሩንም ላጫውታችሁ። 55 ቀን ነው። የዘወረደ 7፣ የጌታ ጾም 40፣ የቀረው 8 እስከ ቀዳም ስዑር። ከመሀል ያለውን 28ኛውን ቀን ስትቆጥሩ ደብረ ዘይት እሑድ ላይ ትወድቃላችሁ፤ 27 ከፊቱ፣ 27 ከኋላው። እኩለ ጾም የተባለው በግምት አይደለም።

ሌሊት ተረኛ፦

ከሥር ከሥር ሳነብ ነበር፤ ጽፌ አላውቅም። ሰሚት ወዲያ በሚሠራ ሕንፃ ዘበኛ ነኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የቋንቋ ካልሆነ ይቅርታ። እኛ ጋ ያሉት የቀን ሠራተኞች ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ነው የሚበሉት። ሥጋ ለፋሲካ፣ ያውም ከተገኘ። ቅበላ ሲባል ሰው ሁሉ ሥጋ ቤት ሲጋፋ እነሱ ያልፋሉ። እንዲህ ላለ ሰው ሁዳዴ በምን ይታወቀዋል? ሳይወስን የኖረውን ምን ብሎ «ጾምኩ» ይላል?

ፊደል ቆጣሪ፦

ወንድሜ፣ ከእስካሁኑ ሁሉ የቋንቋ ጥያቄ ያንተ ነው።

«ቅበላ» ከ«ተቀበለ» ነው፤ ጾሙን እንደ እንግዳ ወጥቶ መቀበል። አሁን ግን እንግዳውን ከማየታችን በፊት ሆዳችንን ሞልተን እንተኛለን። ሌላው የተበላሸብን ቃል «የጾም» ነው። እስቲ ከሰፈራችሁ ካፌ ደጃፍ ቁሙና ሰሌዳውን አንብቡ፦ የጾም ማኪያቶ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር። «የጾም» ማለት ወተትና ሥጋ የሌለበት ማለት ሆኖ ቀረ። እኔ የጾም ኬክ እወዳለሁ፣ አልዋሽም፤ የሽምብራ ዓሣም ቢሆን የድሮ ብልሃት ነው፣ ሽምብራውን በዓሣ አምሳል ቀርጾ ምላስን መሸንገል። ግን ጾም የምግብ ቅጽል ሲሆን ግሡ ይሞታል። ያንተ ሠራተኞች በቅጽሉ ከሄድን ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናቸው፤ የጾም ምግብ ነዋ የሚበሉት። እማማ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? «እነሱማ ጦማቸውን ነው።»

የደብተራ ልጅ፦

እኔም ትንሽ ልበል፤ ጥያቄህ አንጀቴን በላኝ።

ያሬድ በጾመ ድጓው «ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን» ይላል፤ ቀጥሎ ጆሮን ይጠራል፣ ክፉ ከመስማት ትጹም ብሎ። ሰዋስዉን እይልኝ፦ የግሡ ባለቤት ሆድ አይደለም። ዐይን ናት፣ ምላስ ናት። ሽሮ ብቻ የሚበላ ሰውም ምላስ አለው። አለቃው ሲሰድበው መልሶ የሚሳደብበት ምላስ፣ የጓደኛውን ምሳ የሚቀናበት ዐይን። እዚህ ላይ መወሰን ይችላል፤ ስለዚህ ጾመኛ ነው፤ ከኔ ከባለ ብዙ ሰሃኑም ይበልጥ ይሆናል። ደግሞ ሰዓቱ አለ። ድንጋይ ተሸክሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ሽሮዋንም ቢሆን ከልክሏታል።

ሌላው ወገን ግን ለበላተኛው ነው። በቀደመችው ቤተ ክርስቲያን በሰፊው የተነበበው፣ በግእዝም የተተረጎመው ሄርማ የሚባለው መጽሐፍ ጾምን ሲያስተምር ነገሩ ሒሳብ ነው፦ በጾምህ ቀን ያልበላኸውን ምግብ ዋጋ አስላ፤ ያንን ለባልቴት፣ ለሙት ልጅ፣ ለተቸገረ ስጥ። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 «ለምን ጾምን፣ አንተም አላየኸንም?» ለሚሉት የሚመልሰው እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ብሎ ነው። ወደ ፊደል ቆጣሪ ሰዋስው ላምጣውና፣ ጾም የሚሠራው ጿሚው የተወው እንጀራ ጦም አዳሪው ዘንድ ሲደርስ ነው። እንጀራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካደረ ጦሙን ያደረው ማን ነው?

ሌሊት ተረኛ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ። «ባለ ብዙ ሰሃኑ» ያሉት አሳቀኝ። ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።

የጀሞ ሰው፦

በኛም ጾም ሲያልቅ ከዒዱ ሶላት በፊት ለድሃ የሚሰጥ ዘካተል ፊጥር አለ። ያው ፈ-ጠ-ረ።

ለገጣፎ ማዶ፦

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ቀላል ነው። «ገደፈ»ን በምን ትጠቀሙበታላችሁ? እኛ ቤት ጾም መግደፍ ሳያልቅ ማፍረስ ነው፣ ነውር ነው። ባለቤቴ ግን ለፋሲካ ዶሮ ሲገዛ «ለመግደፊያ» ይላል፣ ደስ ብሎት!

ፊደል ቆጣሪ፦

ሁለቱም አለ። ግእዙ ገደፈ መጣል፣ መተው ነው። ጾሙን ጥሎ በላ ማለትም ይሆናል፣ ጊዜው ደርሶ ጾሙን ተወ ማለትም ይሆናል። እዚህ ቤት የምንጣላበት የፊደል ግድፈትም የዚሁ ወንድም ነው። ከእንግዲህ «ፀሐይ»ን በ«ጸ» የጻፈውን ሁሉ ንስሐ እሰጠዋለሁ።

ሳልረሳው፦ «ቀዳም ሹር» የምንላት የፋሲካ ዋዜማ «ቀዳም ስዑር» ናት፤ የተሻረች ቅዳሜ። ብዙ ሰው የተሻረው ጾሙ ይመስለዋል። የተሻረው የቅዳሜ መብት ነው። ቅዳሜ ከእህል አይከለከሉባትም፤ በዚያች አንዲት ቅዳሜ ግን ይከለከላሉ።

ዘየካ አባዶ፦

ይቅርታ፣ ሁለት ቀን ጠፋሁ። የጀመርኩትን ነገር እናንተ ወስዳችሁ አረሳችሁት።

ትናንት ከሥራ ስመለስ እማማ ዘንድ ቁጭ አልኩ። የሁዳዱን ነገር ማጣራት ፈልጌ «እማማ፣ ይኼን ጾም ምን ብለው ነው የሚጠሩት?» አልኳቸው። «ኩዳዴ» አሉኝ። በ«ኩ»። ያን ጊዜ የለገጣፎዋ እህታችን ነገር በ«ሁ» ስለነበር ተበላሸ ብዬ ተውኩት። ቆየት ብዬ ሌላ ወሬ መሀል «የባላባቱን እርሻስ ምን ትሉት ነበር?» ብላቸው፣ ሳይጠራጠሩ «ኩዳድ» አሉ። ሁለቱም አብረው ነው የዞሩት፤ ሁዳድ ያለው ሁዳዴ፣ ኩዳድ ያለው ኩዳዴ። የደብተራው ልጅ ሆይ፣ ሥርወ ቃል ነው አልልም፤ ግን መዝግብልኝ።

«ምነው ጠየቅኸኝ?» አሉ። ነገርኳቸው። ቆሎውን እያንገዋለሉ ወደ ታጠረው ሜዳ አዩና «ያ ነበር እኮ ኩዳዱ» አሉ። «አባቴ እዚያ ያርስ ነበር። ምሳ የማደርስለት እኔ ነበርኩ፤ ትንሽ ልጅ ነኝ። በኩዳዴ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይቀምስም። ሰዓት የለ፣ ምን የለ። ሞሰቡን አቅፌ ጥላው እስኪረዝም እዚያ ቁጭ እል ነበር።»